ዎርድ እስኪከፈት ቡና ይፈላል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፍኖተ ሰላም፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻና አቤቱታ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ኮምፒውተሬ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ 3 ሁለተኛ ትውልድ፣ ራሙ 2 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 7። ድሮ ደህና ነበር። አሁን ፓወር ግዕዝ፣ ዎርድና ክሮም አንድ ላይ ከከፈትኩ ስታክ ያደርጋል። ሲፒዩው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ሳታቋርጥ ትበራለች፤ ከውስጥም ክርር የሚል ድምፅ ይሰማል። ዎርድ እስኪከፈት ቡና ይፈላል ብል ማጋነን አይደለም። ባለጉዳይ ቆሞ እያየኝ አፍራለሁ። አንድ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ፎርማት አደረገልኝ፣ በሳምንቱ እዚያው ነው። ሌላው ደግሞ «ጣይውና አዲስ ግዢ» አለኝ። ራም ብጨምርለት ይሻለው ይሆን?

መልስ፦ እኅትዓለም፣ አትጣይው። መልሱን ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ያቺ ቀይ መብራት ናት። የሃርድ ዲስክ መብራት ናት። ራሙ፣ ማለትም የከፈትሽው ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ሥራ ሃርድ ዲስክ ላይ ያሳድራል፣ ቤት ሲጠብ እንግዳ ጎረቤት ዘንድ እንደሚያድረው ማለት ነው፤ ከዚያ በፈለገው ቁጥር እየሄደ ይጠራዋል፣ ሌላውን ደግሞ ይሸኛል። ክርር የሚለው ይሄ ምልልስ ነው። ፎርማቱ ለሳምንት ያህል የረዳሽ ማሽኑ ባዶ ስለሆነ ብቻ ነው። አንቲቫይረሱም ክሮሙም ሲመለሱ 2 ጊጋው ያው 2 ጊጋ ነው። (በእኛ አገር ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ ፎርማት ነው የሚታዘዘው። ምን ይደረግ!)

ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን መጀመሪያ አረጋግጪ። እንደ ልማድሽ ሁሉንም ከፍተሽ፣ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ከሚመጣው መስኮት ግርጌ «ፊዚካል ሜሞሪ» የሚል በመቶኛ ይታያል። 90ን ካለፈ ችግሩ ራም ነው፣ ጨምሪ። ግማሽ ላይ ቆሞ መብራቷ ግን እየበራች ከሆነ ራም ብትከምሪበትም ብዙ ለውጥ የለውም፤ ያኔ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ መቀየር ነው የሚያዋጣው።

ሁለተኛ ነገር፣ «ኮምፒውተር» የሚለው ምስል ላይ በቀኝ ተጭነሽ ፕሮፐርቲስ ግቢ። 32 ቢት ነው ወይስ 64? 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋ ብትከቺበት እንኳ የሚጠቀመው ከ3 ጊጋ ትንሽ ፈቅ ያለውን ብቻ ነው፣ የቀረው ተቀምጦ ይኖራል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው። ከ4 ጊጋ በላይ ማስገባት ካሰብሽ 64 ቢት ዊንዶውስ ማስጫን አለብሽ። ሦስተኛ ፎርማት ነው፣ አዎ፤ ይኼኛው ግን ምክንያት አለው። የባለጉዳዮችሽን ፋይል ቀድመሽ ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ዊንዶውስ 7 ራሱ በፈረንጆቹ 2020 ድጋፉ የቆመ ስለሆነ፣ እግረ መንገድሽን ወደ 10 ማለፍም ይቻላል፤ የ10ም ድጋፍ በ2025 ጥቅምት ማብቃቱን ግን እወቂ።

ግዢው ላይ እኔ ራሴ ተቀጥቻለሁ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ፣ ዓባይ በረሃን ወርጄ ወጥቼ፣ «ራም ስጠኝ» ብዬ ገዝቼ መጣሁ። ቤት ገብቼ ስከተው እምቢ። ርዝመቱ ያው፣ እግሮቹም ያው 240 ናቸው፤ ከታች ያለችው ስንጥቅ ግን ከመክተቻው ጋር በጥቂት ሚሊሜትር አልገጠመችም። ለካ የእኔ ዲዲአር 2 የሚባለው የራም ዓይነት ነው፣ የገዛሁት ዲዲአር 3። ያንቺ ሁለተኛ ትውልድ ስለሆነ ዲዲአር 3 ነው የሚወስደው፣ ሌላ አትቀበዪ። በጣም ረክሶ ካገኘሽ ደግሞ ጠይቂ፤ ኤኤምዲ የሚባለው ፕሮሰሰር ላይ ብቻ የሚሠራ ዲዲአር 3 ገበያ ላይ አለ፣ ያንቺ ላይ አይሠራም። የተጠቀሙበት ራም መግዛት ምንም አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ሲፒዩውን ባጃጅ ላይ ጭነሽ ሱቁ ድረስ መውሰድ ነው። እዚያው ተከቶ፣ በርቶ፣ 4 ወይም 6 ጊጋ ብሎ ሲቆጥር በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ክፈይ።

ራስሽ ልክተት ካልሽ ካቻቢቴ ይበቃሻል። ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀይ፤ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ያዢ፣ ውስጥ የቀረው ኃይል ይውጣ። ምንጣፍ ላይ አትሥሪ። የሳጥኑን ባዶ ብረት ንኪና ጀምሪ፣ በእጅሽ ያለው ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳይጎዳው። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፊ፣ በአፍሽ አትንፊ፣ ምራቅ ይገባል። በራም መክተቻው ጫፍና ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ከፍተሽ፣ ስንጥቋን አግጥመሽ፣ ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣትሽ ተጫኚ። መያዣዎቹ ራሳቸው ቀጭ ብለው ካልተዘጉ አልገባም። ስታበሪው ጢጥ ጢጥ ብሎ ስክሪኑ ከጨለመ አትደንግጪ። አጥፊና ነቅለሽ አውጪው፣ ወርቃማዎቹን እግሮች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለሽ ፈትጊ፣ ብናኙን አራግፊ፣ መልሰሽ ክተቺ። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይነሳል።

የድሮውን 2 ጊጋ አትጣዪው፣ ሁለተኛ መክተቻ ካለሽ አብሮ ይሠራል። ፍጥነታቸው ከተለያየ ግን እንደ ጥማድ በሬ ነው፣ ፈጣኑ በዘገምተኛው ልክ ይሄዳል። ለማመልከቻ ጽሑፍ ልዩነቱ አይታወቅሽም።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው። የተበላሸ ላፕቶፕ አለኝ፣ ራሙን አውጥቼ ዴስክቶፔ ላይ ብከተው ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። የዴስክቶፑ ራም ወደ 13 ሳንቲሜትር ነው፣ የላፕቶፑ የዚያ ግማሽ። የላፕቶፑን ሃርድ ዲስክ ግን አውጣው፣ ማገናኛው ሳታ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ዴስክቶፑ ላይ ይገጥማል።