ኦቦ በጎጃም፦ ከመሣሪያው ይልቅ ስለ ሪዱ ይጨነቁ

እህቴ፣ ደብረ ማርቆስ ያለው ልጅዎ ዋሽንት አሳምሮ እንደሚጫወትና ውጭ አገር ያለው አጎቱ ኦቦ የሚባለውን የፈረንጅ የትንፋሽ መሣሪያ ሊያመጣለት ቃል እንደገባ ጽፈው፣ «ምን ያህል ያስወጣል? አስተማሪ በሌለበትስ ይዘልቀዋል?» ብለው ጠይቀዋል። አብዛኛው ሰው አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይላኩት ብሎ አልፏል። እኔ ግን ይህንኑ መሣሪያ ባሕር ዳር ተቀምጬ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ዋጋው። የታወቁ ፋብሪካዎች ለተማሪ የሚሠሩት አዲስ ኦቦ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ገደማ ይሸጣል፤ የባለሙያው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በጥቂት መቶ ዶላር በኢንተርኔት የሚቀርበውን ስም የለሽ ዕቃ አጎቱ እንዳይገዛ። ቁልፎቹ ቀዳዳውን በደንብ አይደፍኑም፣ ልጁም ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል፤ የሚጠግነው ሰው ደግሞ እኔ በአካባቢያችን ፈልጌ አላገኘሁም። ያገለገለ የደህና ፋብሪካ ሥራ ይሻላል። ደግሞም የእንጨት ሳይሆን የፕላስቲክ ይሁን። ጥቁሩ እንጨት ድምፁ ውብ ነው፤ ዛፉም በእኛው አገር ቆላ ይበቅላል። ነገር ግን በማርቆስ ብርድ፣ ጠዋት ላይ ሞቃት ትንፋሽ ሲገባበት ውስጡ ከውጩ ቀድሞ ይሰፋና ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ፣ ሪዱ። ገንዘቡን የሚበላው እሱ ነው። ሁለት ስስ ልጦች ፊት ለፊት ተጋጥመው በአንዲት ትንሽ ቱቦ ላይ ይታሰራሉ፤ ድምፁ የሚወጣው ከእነሱ መንቀጥቀጥ ነው። በእጅ የተሠራ አንድ ሪድ ከ20 እስከ 30 ዶላር ይደርሳል፤ በየቀኑ የሚለማመድ ልጅ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጨርሰዋል። መሣሪያው አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ሪድ ግን ሁልጊዜ ይገዛል። እሱንም በፖስታ እንዳያስልኩ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ወዳጄ ከውጭ ጥቂት ሪዶች ልኮልኝ ዕቃው ደርሷል ስባል ወደ ጉምሩክ ቢሮ ሄድኩ። ገማቹ ሳጥኑን ከፈተና አንዱን ሪድ አውጥቶ ጫፉን በአውራ ጣቱ ተጫነው። የሪድ ጫፍ ውፍረቱ ከ0.1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ነው፤ ወዲያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ሲያነሳ «እባክዎ ይተዉት፣ ይሰበራል» አልኩት። «ሥራዬን አንተ አታስተምረኝም» ብሎ እሱንም ሰበረው። ከዚያ ደረሰኙን አገላብጦ አየና «ይህ ሸምበቆ ነው፤ ለሸምበቆ ይህን ያህል ዶላር የሚከፍል ማን አለ?» ብሎ ይጣራ በሚል ዕቃውን ያዘው። ኃላፊውን ላነጋግር ስል ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሌላ ቀንም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ዕቃው እንደ ሙሉ የሙዚቃ መሣሪያ ተቆጥሮ ተገመተና ለተሰበረውም ጭምር ቀረጥ ከፍዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ገንዘቡም ቢሆን ያሳዝናል፣ ይበልጥ ያናደደኝ ግን እያየሁት መሰበሩ ነው።

ሆኖም ሰውየው እውነት ተናግሯል፦ ሸምበቆ ነው። በዓለም የታወቀው የሪድ ሸምበቆ ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከቫር አውራጃ የሚመጣ ሲሆን በእኛ ወንዞች ዳር ከሚበቅለው ጋር ዘሩ አንድ ነው። የእንጅባራው ቀርቀሃ ግን አይሆንም። ስለዚህ ራሴ መሥራት ጀመርኩ። የበሰለውንና የውጭ ስፋቱ ከ10 እስከ 11 ሚሊሜትር የሆነውን መርጬ ቆረጥኩ፤ ቢጫ እስኪሆን ጥላ ሥር አደረቅሁት። ከዚያ ለሦስት ይሰነጠቃል፤ ውስጡ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ እስኪቀር ይላጋል፤ ተቀርጾ፣ ታጥፎና በክር ታስሮ ጫፉ ይፋቃል። ለመላጊያው ማሽን አለ፤ ዋጋው ግን የመሣሪያ ያህል ስለሆነ እኔ በመስታወት ስባሪና በብርጭቆ ወረቀት ነው የምሠራው። መጀመሪያ የሠራኋቸው ድምፅ አልነበራቸውም። አሁን የምለማመደው በራሴ ሪድ ነው፤ ትዝታንም በእሱ ሰው ፊት ተጫውቼበታለሁ። በቆላ የተሠራ ሪድ ደጋ ሲወጣ ጠባዩ ይለወጣል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ትበልጣለች። እዚያው የሚፍቅ እጅ ከሌለ ውድ ሪድ ገዝቶም ልጁ ይቸገራል።

ስለ አስተማሪው፦ የክላርኔት አስተማሪ ኖታና የጣት አያያዝ ሊያስጀምረው ይችላል። ትንፋሹን ግን ኦቦ የሚነፋ ሰው፣ በኢንተርኔትም ቢሆን፣ ሊያሳየው ይገባል። ዋሽንት ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ኦቦ ግን የሚወስደው አየር በጣም ጥቂት ስለሆነ የተቃጠለው አየር ደረት ውስጥ ይታመቃል። ልጁ የታፈነ መስሎት ሌላ አየር ይስባል፣ ከዚያ ራሱ ይዞራል። ቀድሞ ማውጣት፣ ከዚያ ማስገባት አለበት። እኔ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ የልብ ሕመም ይዞኛል ብዬ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ከንፈሩም የላይኛውንም የታችኛውንም ጥርሶች ሸፍኖ ስለሚይዝ ቶሎ ይዝላል፤ በመጀመሪያው ሰሞን ከ15 ደቂቃ በላይ አያስገድዱት።

አሁን ለአጎቱ ይጻፉለት። መሣሪያውን ከግዢ ደረሰኙ ጋር ራሱ ይዞ ይምጣ። አብሮም ርዝመታቸው 47 ሚሊሜትር የሆነ የሪድ ቱቦዎች፣ የሪድ ክር፣ ቱቦውን የሚይዘው ዘንግ፣ ተልጎና ተቀርጾ የሚሸጥ ሸምበቆ፣ እንዲሁም የሪድ ቢላዋ ይግዛ። ሪዶቹ በጠንካራ ሳጥን ሆነው በእጅ ሻንጣው ይሁኑ፤ ቢላዋው ግን አውሮፕላን ውስጥ ስለማይፈቀድ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።