ከመኪና ርቆ አልፕስን በብስክሌት ማቋረጥ፦ ጥያቄና መልስ

በአልፕስ ተራሮች ውስጥ ጓዛቸውን በብስክሌት ጭነው ለብዙ ቀናት ለመጓዝ ያሰቡ ሰዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ቀጥለው ቀርበዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወራቱና ወቅቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ተራራ በተራራ ላይ በተደራረበበት አካባቢ ለብስክሌተኛ ብቻ የተለየ፣ ያውም ዳገቱ የማያስጨንቅ መንገድ እንዴት ሊኖር ቻለ?

መልስ፦ ከእነዚህ መንገዶች ምርጥ የሚባሉት ከባቡር የተወረሱ ናቸው። የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ የዘመኑ መሐንዲሶች ሀዲዱ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ሲሉ ተራራውን በዋሻ በስተዋል፣ ገደሉን በድልድይ ተሻግረዋል፣ ሸለቆውንም ጥግ ጥጉን ይዘው ቀስ በቀስ ወጥተዋል። መስመሩ ተዘግቶ ሀዲዱ ሲነሳ ያ ሁሉ ሥራ ለብስክሌተኛ ቀረ። ከዚህ ሌላ በወንዝ ዳር ጎርፍ ለመከላከል የተሠሩ የአፈር ግድቦች፣ አዲስ መንገድ ወይም ዋሻ በመሠራቱ መኪና የተወው የድሮ የተራራ መንገድ፣ እንዲሁም የእርሻና የደን መንገዶች አሉ። ስለዚህ ካርታ ዘርግታችሁ መስመር ስትመርጡ፣ ከርዝመቱና ከመልክዓ ምድሩ በፊት «ይህ መንገድ ቀድሞ ምን ነበር?» ብላችሁ እንድትጠይቁ አጥብቄ እመክራለሁ። የቀድሞ ሀዲድ ከሆነ ጭነት ይዞ መውጣት ይቻላል፤ የደን መንገድ ከሆነ ግን በካርታው ላይ አጭር መስሎ የሚታየው ቁራጭ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፕስን ከሰሜን ወደ ደቡብ ማቋረጥ ለሚፈልግ ሰው የትኛውን መስመር ይመክራሉ?

መልስ፦ ያለማመንታት አልፔ አድሪያ የሚባለውን። ከኦስትሪያዋ ሳልዝቡርግ ተነስቶ በጣሊያን የአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ እስከምትገኘው ግራዶ 410 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። አብዛኛው ሰው ከሰሜን ይጀምራል፤ እኔም ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከባዱ አቀበት፣ ማለትም ወደ ባድ ጋስታይን የሚወስደው፣ ጉልበት ሳያልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልፋል። ከዚያ በላይ ያለውን የታወርን ተራራ ሰንሰለት በፔዳል ማለፍ አያስፈልግም፤ ከቦክሽታይን እስከ ማልኒትስ ብስክሌቱን ባቡር ላይ ጭኖ፣ በ1909 በተከፈተው የባቡር ዋሻ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ገደማ ወደ ደቡቡ ወገን መውጣት ይቻላል። ይህን እንደ ማታለል የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን የመስመሩ አንድ አካል አድርጌ ነው የማየው።

ቀጥሎ በሽፒታል በኩል የድራውን ወንዝ ተከትሎ ወደ ፊላኽ ይወረዳል፤ ከፊላኽ ደግሞ መጠነኛ አቀበት ወጥቶ ጣሊያን ውስጥ ታርቪዚዮ ይደረሳል። ከታርቪዚዮ በታች ያለው ክፍል በእኔ አስተያየት በአልፕስ ካሉት የብስክሌት መንገዶች ሁሉ የላቀ ነው። የቀድሞው የፖንቴባና ባቡር መስመር በአዲስ መስመር ከተተካ በኋላ አስፋልት ለብሶ፣ ከብረት ድልድይ ወደ ዋሻ፣ ከዋሻ ወደ ድልድይ እያሸጋገረ ያለ ድካም ቁልቁል ይወስዳል። በኪዩዛፎርቴ የድሮው ባቡር ጣቢያ የብስክሌተኞች ማረፊያና ቡና ቤት ሆኗል፤ እዚያ ቆም ብሎ ውኃ መሙላት ጥሩ ነው። ወደ ኡዲኔ ሲቃረቡ ግን ከመኪና ጋር የሚጋሩት መንገድ ስላለ፣ በላይኛው ክፍል የለመዱትን መዘናጋት መተው ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ልጆችና አረጋውያን ወላጆች አብረውን ቢኖሩስ?

መልስ፦ ከጣሊያኗ ቶብላህ ወደ ኦስትሪያዋ ሊየንትስ የሚወስደውን የድራው ሸለቆ መንገድ ያዙ። ከ1,200 ሜትር ከፍታ ገደማ ተነስቶ ወደ 670 ሜትር የሚወርድ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ብስክሌቱ በራሱ ይሄዳል፤ ለመመለስም ባቡር አለ። ችግሩ ይህን ሁሉም ሰው ማወቁ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ፍሬን መያዝ ገና በሚለማመዱ ተከራዮች ይጨናነቃል። ማለዳ መነሳት ወይም መስከረምን መጠበቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በጣሊያን ያሉትን የዶሎሚቴ ተራሮች በቅርብ ማየት እመኛለሁ፤ ነገር ግን የዕድሜ ባለጸጋ ነኝ፤ ረጅም አቀበትም አልችልም። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ አለዎት እንጂ። ከካላልትሶ ተነስቶ በኮርቲና በኩል ቶብላህ የሚደርስ ትንሽ ባቡር ነበር። በ1956 የክረምት ኦሊምፒክ በኮርቲና ሲካሄድ ተመልካች ያጓጓዘው እርሱ ነው፤ በ1964 ተዘጋ። ዛሬ በዚያው መስመር ላይ በብስክሌት ይኬዳል። ከፍተኛው ቦታ ቺማባንኬ 1,530 ሜትር ነው። ከቶብላህ በኩል ከተነሡ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ብቻ ወጥተው ቀሪውን መንገድ ሁሉ ይወርዳሉ። ከኮርቲና በላይ ያለው ክፍል ጠጠር ስለሆነ ቀጭን ጎማ አይሆንም።

ጥያቄ፦ «ከመኪና ነፃ» የሚለው ማስታወቂያ ምን ያህል ይታመናል?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ መታመን የለበትም። ረጅም መስመር ሁሉ የተለያዩ ቁርጥራጮች ስፌት ነው። ለምሳሌ ከሮማውያን መንገድ ስሙን የወሰደው ቪያ ክላውዲያ አውጉስታ ከጣሊያኗ ሜራኖ በላይ ባለው ሸለቆ ግሩም የብስክሌት መንገድ አለው፤ ነገር ግን ከኦስትሪያ በኩል ወደ ሬሽን የተራራ መተላለፊያ፣ ማለትም ወደ 1,504 ሜትር ሲወጣ፣ በቀጥታው አውራ ጎዳና መሄድ አደገኛ ነው። ስለዚህ ብስክሌተኛው በስዊዘርላንዷ ማርቲና ዞሮ 11 ጠመዝማዛ ባለው የኖርበርትስሆሄ መንገድ ይወጣል፤ እዚያም መኪና አለ። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ማለዳ ይወጣዋል ወይም ብስክሌት የሚጭን አውቶቡስ ይይዛል። ያላወቀ ግን በድካምና በሙቀት ሰዓት ይደርስበታል።

መኪና ለማምለጥ ብሎ ወዳገኙት የደን መንገድ መግባትም መፍትሔ አይደለም። በኦስትሪያ የ1975ቱ የደን ሕግ ለእግረኛ እንጂ ለብስክሌተኛ አጠቃላይ ፈቃድ አይሰጥም፤ ለብስክሌት ክፍት የሆኑት በምልክት ይታወቃሉ።

ጥያቄ፦ ከፍተኛ መተላለፊያዎችን ከመኪና ርቆ መውጣት ይቻላል?

መልስ፦ በስዊዘርላንድ የጎታርድ መተላለፊያን ደቡባዊ ወገን የሚወጣው ትሬሞላ የተባለው የድሮ መንገድ ይቻላል ለማለት ያስደፍራል። በድንጋይ የተነጠፈና 24 ጠመዝማዛዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኛው መኪና በአዲሱ መንገድ ወይም በ1980 በተከፈተው ዋሻ ስለሚያልፍ ጸጥ ያለ ነው። 2,757 ሜትር ከፍታ ያለውን የጣሊያኑን የስቴልቪዮ መተላለፊያ የሚመኝ ሰው ደግሞ በበጋው ማብቂያ ገደማ ለመኪና የሚዘጋበትን ቀን ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴን እንዴት ላዘጋጅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ማርሹን ያስተካክሉ። ጓዝ ለያዘ ሰው የፊተኛው ትንሹ ማርሽ ጥርስ ቁጥር ከኋለኛው ትልቁ ያነሰ፣ ቢበዛ እኩል መሆን አለበት፤ ለምሳሌ 30 በፊት፣ 34 ወይም ከዚያ በላይ በኋላ። በውድድር ብስክሌት ማርሽ ጭነት ጎትቶ የወጣ ሰው ጉልበቱን ሊጎዳ ይችላል። ጎማው ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው አስፋልቱንም ጠጠሩንም ይችላል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ፍሬንን ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ሙቀቱ እንዲከማች ያደርጋል፤ የጎማ ቸርኬን በሚይዝ ፍሬን ላይ ካላማዳሪው ሊፈነዳ፣ በዲስክ ፍሬን ላይ ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ቆሞ ማቀዝቀዝ ተገቢ ነው። ለዋሻዎቹ የፊትና የኋላ መብራት መያዝ ግዴታ ነው፤ ብዙዎቹ ዋሻዎች መብራት ቢኖራቸውም መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ በቀን ውስጥ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

መልስ፦ ጠዋት። ፀሐይ ተዳፋቶቹን ስታሞቅ አየሩ ወደ ላይ ስለሚነሳ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሸለቆው በታች ወደ ላይ ይነፍሳል፤ በማታ ይገለበጣል። በጋርዳ ሐይቅ አካባቢ ይህን የቀትር ነፋስ ኦራ ይሉታል። ስለዚህ ቁልቁል የሚሄድ ሰው ከሰዓት በኋላ ቢጓዝ፣ መንገዱ እየወረደለት እንኳ ፔዳል እንዲመታ ይገደዳል። ነጎድጓዳማ ዝናብም በበጋ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ሸለቆው ውስጥ ቢያልብዎትም ለቁልቁለቱ የሚሆን የነፋስ ጃኬትና ጓንት ከላይ አድርገው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከግራዶ እንዴት ይመለሳሉ?

መልስ፦ እስከ ኡዲኔ ተመልሰው ከዚያ ወደ ፊላኽ የሚሄደውንና ብስክሌት የሚጭነውን ሚኮትራ የተባለ ባቡር መያዝ ይቻላል። ከፊላኽ በኋላ በኦስትሪያ ፈጣን ባቡሮች ለብስክሌቱ ራሱን የቻለ ትኬትና የቦታ ማስያዣ ያስፈልጋል፤ በበጋ ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ፣ የመመለሻውን ቀን ቆርጠው ከጉዞው በፊት ያስይዙ።