ልጄ መንጠቆውን ትቶ ስልኬን ይለምነኛል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ተወልጄ ያደኩት ሀዋሳ ነው፣ አባቴ መረብ ይጥል ነበር፣ እኔም ከ6 አመቴ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጀልባው ሲገባ አሞራ ገደል የሚባለው የአሳ ገበያ እየሮጥኩ ሄጄ አሳ ከመረቡ አላቅቅ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ስራዬም ሌላ ነው፣ ግን ሀይቅ ዳር ቁጭ ካላልኩ ልቤ አያርፍም። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፣ 9 አመቱ ነው። እሱም አሳ ማጥመድ እንዲወድ ብዬ ሶስት ቅዳሜ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሀይቅ ወሰድኩት፣ ከሌሊቱ 11 ሰአት ቀስቅሼው እስከ ቀኑ 6 ሰአት እዛው ነን። ግማሽ ሰአት ሳይሞላ ደከመኝ፣ ራበኝ፣ ስልክህን ስጠኝ ጌም ልጫወት ይለኛል። በሶስተኛው ቀን ክሩን አተበተበውና ጮህኩበት። ከዛ ወዲህ ባቦጋያ ስል ፊቱን ያዞራል። እናቱ ካልፈለገ ተወው በቃ ትላለች። አባቴ ካረፈ 2 አመቱ ነው፣ ይሄ ነገር እኔ ላይ እንዳይቀር እፈራለሁ። ምን ላድርግ?
አባት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ነፍስ ይማር። ደብዳቤህን ሁለት ሶስቴ አነበብኩት፣ መልሱ ያለው ራስህ የፃፍከው ውስጥ ነው። አንተ በ6 አመትህ ምን ታደርግ ነበር? ትሮጥ ነበር! ጀልባው ሲገባ አሳው ተይዞ ነው የሚደርስልህ፣ እጅህ ስራ አለው፣ ዙሪያህ ሰው ይንጫጫል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ ሆድ እቃ እስኪጣልላቸው እንደ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቃሉ፣ መረብ አላቀህ ስትጨርስም አንድ የምትቀምሰው አይጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ ብርዱን ችሎ ውሀ ላይ የጠበቀው አባትህ ነው። ለልጅህ ግን የሰጠኸው ያንን የአባትህን ድርሻ ነው፣ መጠበቁን ብቻ፣ ያውም 7 ሰአት። እኔ ብሆንም ስልክ እጠይቅ ነበር።

የኔም አባት ባህር ዳር ጣና ዳር በመንጠቆ ይይዝ ነበር፣ ለሽያጭ ሳይሆን እሁድ እሁድ ለቤት። የኔ ስራ የትሉ ቆርቆሮ ነበር። ማታ ቧንቧው ስር መሬቱ ስለሚረጥብ እዛ እቆፍርና በኒዶ ቆርቆሮ ከአፈሩ ጋር እጨምራለሁ፣ ክዳኑን አባቴ በሚስማር ይበሳልኛል አየር እንዲያገኙ። ጠዋት ሀይቁ ዳር ስንደርስ አባቴ መንጠቆውን ይይዝና "የቱን እንስጠው?" ይለኛል፣ እኔ መርጬ እስክሰጠው ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ አንድም ቀን ቶሎ በል ብሎኝ አያውቅም። ስንት አሳ እንደያዝን አሁን ብትጠይቀኝ ትዝ አይለኝም። ያ ጥያቄው ግን እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ ጠይቀው፣ "የዛን ቀን ጮህኩብህ፣ አጥፍቻለሁ" በለው፣ ሌላ ምክር አትጨምርበት። ሁለተኛ ከዚህ በኋላ አንድ ሰአት ብቻ ሂዱ፣ እሱ ትንሽ እንቆይ እያለህ ተነስ። እየለመነህ ከተመለሰ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ራሱ ነው የሚቀሰቅስህ።

ዘንጉንም ለጊዜው ቤት ተወው። ባዶ ሀይላንድ ላይ አስር ሜትር የሚሆን የናይለን ክር ጠቅልልለት፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የባቄላ ፍሬ የምታክል እርሳስ፣ በቃ። ትል ካልተገኘ የዳቦ ሊጥ ጠንከር አድርጎ ማቡካት ነው፣ እሱ ያቡካው እጁ ይቆሽሽ። ዘንግ ሲሆን የሚሰማህ በእንጨቱ በኩል ነው፣ ክሩ ጣቱ ላይ ሲሆን ግን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሏት አሳ) መጥታ ነካ ነካ ስታደርግ እዛው ጣቱ ጫፍ ላይ ነው የሚሰማው፣ ያን ጊዜ ፊቱን እየው። ክሩ ከተተበተበ ደግሞ አትቆጣ፣ ሌላ የተጠቀለለ ሀይላንድ ቦርሳህ ውስጥ ይኑርህ፣ እሱን ስጠውና የተተበተበውን ማታ ቤት ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ፍቱት። አባትህም እኮ ቀን ቀን መረቡን ዘርግቶ ሲፈታና ሲጠግን ነው የሚውለው፣ ያ ራሱ ስራው ነበር።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፣ ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ሀይቅ ነው፣ ከዳሩ ትንሽ ፈቀቅ ካልክ ወዲያው ይጠልቃል፣ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ይበልጣል። ዋና ቢችልም ባይችልም ላይፍ ጃኬት ይልበስ፣ በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የመጀመሪያዋን አሳ ሲይዝ ደግሞ ካሜራ ለማውጣት አትቸኩል። አያያዙን አሳየው፣ የቆሮሶ የጀርባ እሾህ ይወጋል፣ መዳፍህን ከራሷ ጀምረህ ወደ ጭራዋ ስታንሸራትት እሾሁ አብሮ ይተኛል፣ አባትህ ያሳየህ ይሄንኑ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። ከዛ ቀስ ብለህ አፏን ክፈትለት። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምታቅፈው፣ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ካዩ ተመልሰው የሚገቡት እናታቸው አፍ ውስጥ ነው። እንቁላል ካለ ልጁ ራሱ ይልቀቃት። ለምን እንደለቀቃት ራሱ ይነግርሀል፣ አንተ መናገር አይጠበቅብህም። ሀዋሳ ላይ አይኑ በጠበበ መረብ ገና ያላደገ አሳ ሲወጣ ስንት አመት እንደኖረ፣ አሳውም እንዴት እንደቀነሰ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ፣ ይሄንንም የሚሰማበት ጊዜ ይመጣል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ሀዋሳ ውሰደው። ማታ ግቡና ጠዋት በማለዳ አሞራ ገደል ውረዱ፣ መንጠቆም ምንም አትያዙ። አባትህን የሚያውቁ አሳ አጥማጆች አይጠፉም፣ ልጁን "የእገሌ የልጅ ልጅ ነው" ብለህ አስተዋውቀው፣ መረብ ውስጥ እጁን እንዲከት ፍቀዱለት ብለህ ለምናቸው። አንተ የገባህበት በር እሱ ነው፣ ልጁም በዛው ይግባ።

እናቱ አታስገድደው ማለቷ ልክ ነው። ተወው ባለችው ግን አልስማማም፣ ምክንያቱም ልጁ የጠላው ጩኸቱንና ርዝመቱን እንጂ አሳውን ገና መቼ አወቀውና።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ፣ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ነው የምንኖረው። የ11 አመት ልጄ ከጓደኛው አባት ጋር ፖቶማክ ወንዝ ሄዶ አሳ ይዞ ከመጣ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኗል፣ ከኔ ጋር መሄድ ይፈልጋል። አባቴ ዝዋይ አሳ አጥማጅ ነበር ግን ሴት ናት ተብዬ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ የማውቀው መረብ መጠገንና አሳ መገነጣጠል ብቻ ነው። ምን ላስተምረው እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ አንቺማ ግማሹን ሙያ ይዘሽዋል! መወርወሩን እሱ ያስተምርሽ፣ እናቱን ሲያስተምር ኩራቱ አይጣል ነው። ቋጠሮ ግን ካንቺ ነው የሚማረው፣ መረብ የጠገነ እጅ መንጠቆ ማሰር አያቅተውም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ16 አመት በታች ላለ ልጅ የአሳ ማጥመጃ ፈቃድ አይጠየቅም፣ አንቺ ክር የምትጥይ ከሆነ ግን ያስፈልግሻል፣ ኦንላይን ይገዛል። ፖቶማክ ውስጥ የኛ አምባዛ ዘመድ የሆነ ትልልቅ አሳ ሞልቷል፣ ጢሙን ሲያይ ስለ አያቱ ንገሪው። የክንፉ እሾህ ስለሚወጋ አያያዙን ተጠንቀቁ፣ ወንዙ ውስጥ የኬሚካል ብክለት ስላለም ከመብላታችሁ በፊት የስቴቱ ጤና ቢሮ የትኛው አሳ በወር ስንት ጊዜ ይበላል የሚለውን እዩ።

ሌላው፣ እዛ ሆናችሁ በአማርኛ አውሩ። ነካ፣ ሳበ፣ አመለጠ፣ ያዝኩት! እነዚህን ቃላት ልጅሽ ክሩ እጁ ላይ እያለ ከሰማቸው አይረሳቸውም። የመጀመሪያውን አሳ ይዛችሁ ቤት ስትገቡ ቢላውን አንቺ ያዢ፣ እሱ አጠገብሽ ቆሞ ሥጋውን ከአጥንቱ እንዴት እንደምትለዪው ይይ፣ ከዛ ለብለብ አድርጊለትና በአዋዜ ብሉት።