ጅቡቲን መልመድ ለከበደው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። መሥሪያ ቤትህ ዕቃ ለማስለቀቅ በየወሩ ጅቡቲ ይልክሃል። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመኑ፣ ፈረንሳዩ ተደባልቆ ማን ጋ እንደምትጠጋ ጠፍቶሃል። ቢሮ ሲዘጋ ሆቴልህ ገብተህ በር ትቆልፋለህ። «ሰው ይሄን ከተማ እንዴት ነው የሚለምደው?» ነው ያልከው።

እኔ ትራንዚተር ነኝ፣ ዕቃ ከጉምሩክና ከወደብ አስለቃቂ። ፀጉሬን ያሸበተው ያ ወደብ ነው። ዛሬ ግን ኬላውን አልፌ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ ይለኛል። ባሌ በዚህ ይስቅብኛል። ስለ ቪዛና ስለ መኪና የሚነግርህ አታጣም፤ እኔ ሌላውን ልንገርህ።

1. የሳምንቱን ቀን አጥና። ጅቡቲ ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው፣ እሑድ ሥራ ይገባል። እኛ ጋ እሑድ ማንም የለም። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች እኩል የሚሠሩት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ለአለቆቼ ይሄን ለማስረዳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ጊዜ «ሐሙስ ጠዋት ሰነድ እንዳትልኩልኝ፣ ረቡዕ ይድረሰኝ» ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ሐሙስ ወደ እኩለ ቀን ላኩት። ይዤ ሮጥኩ። የመርከብ ወኪሉ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ደብዳቤው ላይ አንድ ማኅተም ጎድሏል። ወረቀቱን በጣቱ ገፋልኝና «ዲማንሽ» አለኝ፣ እሑድ ተመለሺ ማለቱ ነው። «አንድ ደቂቃ ስማኝ» አልኩት፤ መጋረጃውን ሳበው። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ዓርብ አዲስ አበባ ማኅተሙን መታች፤ ጅቡቲ የሚቀበል የለም። እሑድ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ አሁን ደግሞ አንድ ቁጥር ተሳስቷል ተባልኩ። አዲስ አበባ ብደውልስ? ሁሉም ቅዳሴ ላይ ነው። ሰኞ ተፈታ። የኮንቴይነር ዲመሬጅ፣ ማለት በጊዜው ላልተነሳ ኮንቴይነር በየቀኑ የሚከፈለው ቅጣት፣ ዓርብ አያውቅ፣ ቅዳሜ አያውቅ፣ ዝም ብሎ ይቆጥራል። ገንዘቡን የከፈለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሐሙስ ሰነድ የላከልኝ የለም። ይኸው ከቢሯችን ወንዶች እንደኔ ፈጥኖ የሚያስለቅቅ አልተገኘም።

ይሄ ከመልመድ ጋር ምን አገናኘው እንዳትለኝ። ያገናኘዋል። ያ ዓርብ ነው ከተማውን የሰጠኝ። ቢሮው አጠገብ ጫት የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። «ኤዶ» ነው የምላት፣ እነሱ አክስት እንደሚሉት። መስኮቱ ሲዘጋብኝ አይታለች። «ነገ ሆቴል ተኝተሽ ልታለቅሺ ነው?» አለችኝ፣ በአማርኛ። በነጋታው ቤቷ ምሳ ጠራችኝ። ስኩዴካሪስ ቀረበ፤ በሄልና በቅመም ከሥጋ ጋር የበሰለ ሩዝ ነው። እሷ ሶማሌ፣ ምራቷ አፋር፣ ድስት ይዛ የመጣችው ጎረቤት የመን። ልጆቹ በፈረንሳይኛ ይጣላሉ። አያትየው ድሬዳዋ የተወለዱ ናቸው፣ ስለ ባቡሩ በአማርኛ አወጉኝ። ማንም ማንንም «አንቺ ከየት ነሽ» ብሎ አላስጨነቀም። ሁሉም ከሆነ ቦታ የመጣ ነው።

አማርኛ የሚሰማው ሰው ብዛት ይገርምሃል። መንገዱ እኮ አሮጌ ነው። የባቡሩ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ሲመላለስ ኖሯል። መሀል ከተማ ያለው አደባባይ በወረቀት ስሙ የነፃነታቸው ቀን ነው፣ ጁን 27 ቀን 1977። ታክሲ ውስጥ ግን «ምኒልክ አደባባይ» ብትል ያደርሱሃል።

2. ከቀትር በኋላ ጋር አትጣላ። ሥራ ጠዋት ነው። ቀትር ላይ ጫቱ ከእኛ አገር ይገባል፣ ከዚያ ከተማው ይተኛል ወይም ይቅማል። አዲሶቹ ልጆች የሚያብዱት እዚህ ላይ ነው። አለቃቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውሎ «ለምን ቢሮ አልሄድክም?» ይላል። ማን ጋ ይሂድ?

አንተ ወንድ ስለሆንክ ማብረዝ ይጋብዙሃል፣ የሚቃምበት ክፍል ነው። ባትቅምም ግባ። ሻይህን ይዘህ ጥግ ተቀመጥ። የትኛው መርከብ እንደዘገየ፣ የትኛው ሠራተኛ ፈቃድ እንደወጣ እዚያ ነው የሚወራው። እኔ ሴት ነኝ፣ ማብረዝ አልገባም። የኔ ወንበር የኤዶ ጠረጴዛ ጎን ነው። አልቅምም፣ ለገዢ የገንዘብ መልስ በመስጠት አግዛታለሁ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየኛል፣ ሰላም ይለኛል። ዛሬ አንዱ ቢሮ ፊት ቢነሳኝ ሌላው «ይቺማ የኤዶ እንግዳ ናት» ይላል።

ሰዓት ስትቀጥር ደግሞ ተጠንቀቅ። «ሰባት ሰዓት» ያለህ ሰው በእኛ ይሁን በፈረንጅ አታውቅም። «ጠዋት ነው ቀትር?» ብለህ ጠይቅ።

3. ከሆቴል ውጣ። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣልያን፣ ቻይና፣ ሁሉም እዚያች ትንሽ አገር ላይ ጦር ሰፈር አላቸው። የሆቴል ዋጋ ለእነሱ ኪስ የተሰፋ ይመስለኛል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ካርቲዬ ውስጥ፣ ሕዝቡ የሚኖርበት ሰፈር ማለት ነው፣ ክፍል ተከራዩ። የቤት ኪራይ ውልህን ሳይሆን የጎረቤትህን ስም ቀድመህ ያዝ። ፒኬ ዶዝ፣ የጭነት መኪኖቻችን የሚቆሙበት ሰፈር፣ ከሾፌሮቻችን ጋር መዋልም አትከልከል፣ እንጀራውም ጨዋታውም አለ። እዚያ ብቻ ከዋልክ ግን ጅቡቲ ሄድክ አልልህም፤ ትልቅ መናኸሪያ ነው የሄድከው። እዚያ ተወስነው ዓመታት የቆዩ፣ ስለ ሶማሌና አፋር ግን የሰሙትን ሐሜት ብቻ የሚያወሩ ልጆች አውቃለሁ። ያናድዱኛል።

ምግቡን ራስህ ትደርስበታለህ። የየመኖቹ ዓሣ ብቻ አያምልጥህ። ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ ይጠበሳል፣ ትልቅ ቂጣ ይዞ ይመጣል፣ በእጅ ነው የሚበላው። ጾም ላይ ከሆንክ ፉልና ላሖሕ አለልህ። ላሖሕ የእንጀራ ዘመድ ነው፣ ጠዋት ከሻይ ጋር ይሄዳል።

ሰላምታ አትዝለል። ወረቀትህን ከማውጣትህ በፊት ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቅ። ረመዳን ሲሆን ሥራ እንደሚያጥር አውቀህ ቀን አስልተህ ሂድ፤ ሰው ፊት ውሃ አትጠጣ። ፍራንኩ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፣ አንድ ዶላር 178 ፍራንክ ገደማ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ወርዷል» የሚልህን መንዛሪ ትተህ እለፍ።

ሙቀቱን በተመለከተ አላጽናናህም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ሲመጣ አሸዋው ጥርስህ ውስጥ ይገባል። ትልልቁን ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት ማድረግ ከቻልክ አድርገው። ካልቻልክ ለክፍሉ ከመክፈልህ በፊት ኤሲውን አብርተህ ትንሽ ቆመህ እየው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእኛ መብራት በመስመር ይሄዳል፣ አከራዩ ግን ቆጣሪውን ለብቻ ያስከፍልሃል። መጀመሪያ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልክህ ፎቶ አንሣው።