«ጊዜ ነው» ብዬ መለስሁላት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ29 ዓመት ወጣት ስሆን በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ያደግሁት በወንጌላውያን አማኞች ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም በመዘምራን ኅብረት አገለግላለሁ። ይሁን እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ከወጣሁ በኋላ ስለ እምነቴ አንድ ቃል ለመናገር አንደበቴ ይተሳሰራል። ከአንድ ወር በፊት አብራኝ የምትሠራ፣ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆነች የቅርብ ጓደኛዬ እናቷን በሞት አጣች። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ እጄን ይዛ «አባትሽ አምና ሲሞቱ አንቺን ያቆመሽ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያቆመኝን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዙሪያውን የተቀመጡትን ሰዎች አየሁና «ጊዜ ነው፤ ጊዜ ያስረሳል» ብዬ መለስሁላት። እርሷም እጄን ለቀቀችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጌታውን የካደው ጴጥሮስ እኔው የሆንሁ ይመስለኛል። «ጴንጤዋ ለቅሶ ቤት ልትሰብክ መጣች» እንዳይሉኝ ፈራሁ፤ ጓደኛዬን ማስቀየም ፈራሁ፤ ጥያቄ ቢያነሡብኝ የምመልሰው እንዳላጣም ፈራሁ። የእናቷ አርባ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ይህን ፍርሃት እንዴት ላሸንፈው?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ በሁለተኛው ንባብ ልብ ያልሁት፣ ሦስት ጊዜ «ፈራሁ» ስትዪ ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መናገርሽን ነው። የደከምሽውም ሦስቱን በአንድ ስም ጠርተሽ ሁሉንም በአንድ ትግል ለመጣል ስለሞከርሽ ይመስለኛል። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ጨርሶ መሸነፍ የማይገባው ነው።

አስቀድሜ ግን ጴጥሮስን ስላነሣሽ ስለ እርሱ ልናገር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በመጀመሪያ የጠየቀችው በር የምትጠብቅ አንዲት ገረድ ነበረች እንጂ ሰይፍ የታጠቀ ወታደር አልነበረም። ከዓመታት በኋላ በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ላይ፣ «በእናንተ ስላለ ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ፥ ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሎ የጻፈው ይኸው ሰው ነው። ይህን ቃል በመድረክ ላይ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ሰምተሽው ይሆናል፤ ሳይዘጋጅ ተጠይቆ የወደቀ ሰው የሰጠው ምክር መሆኑን አስበሽ ስታነቢው ግን ሌላ ድምፅ አለው። ደግሞም «ለሚጠይቁአችሁ» ይላል። ጓደኛሽ ጠይቃሻለች። ስለዚህ በሩን ማን ያንኳኳ የሚለው የብዙ ሰው ጭንቀት በአንቺ ዘንድ የለም፤ በሩ ከውጭ ተንኳኩቶ ነበር።

በዚያው ጥቅስ ውስጥ «በፍርሃት» የሚል ቃል መኖሩንም ተመልከቺ። እግዚአብሔርን መፍራት ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ የሚጠይቀውን ሰው ማክበር ነው የሚሉም አሉ። እኔ አንዱ ያለ ሌላው የሚቆም አይመስለኝም። ጓደኛዬን እንዳላስቀይም ፈራሁ ያልሽው ፍርሃት ከዚህ ወገን ስለሆነ ጠብቂው። በወጣትነቴ ይህ ፍርሃት አልነበረኝም፤ በከተማ አውቶቡስ ውስጥ ትራክት ሳድል አንድ ሽማግሌ ሰው ተከራከሩኝ፤ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደራርቤ ዝም አሰኘኋቸው። ሰውየው ከመውረጃቸው አንድ ፌርማታ ቀድመው ወረዱ፤ ይህን ያወቅሁት በየቀኑ የት እንደሚወርዱ አይ ስለነበር ነው። በዚያን ዕለት ድል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ ያን ድፍረት ግን ዛሬ ለማንም አልመክርም።

ጓደኛሽንም ክርስቶስን ጨርሳ እንደማታውቅ ሰው አድርገሽ አትጀምሪ። በእናቷ ጸሎተ ፍትሐት ላይ ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲነበብ ሰምታለች፤ የጠየቀችሽም ትምህርት ፍለጋ ሳይሆን፣ ያንን መከራ ያለፈች ሴት በእውነት በምን እንደ ቆመች ለማወቅ ነው። ከዚህ የተነሣ ሦስተኛው ፍርሃትሽ፣ መልስ እንዳላጣ የሚለው፣ ቦታው ይህ አይደለም። ምስክር ማለት ያየውንና የደረሰበትን የሚናገር ሰው ነው፤ ዳኛም ጠበቃም እንዲሆን ማንም አይጠብቅበትም። በወላይታ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 አካባቢውን ለቀው ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው ያልነበራቸው፣ አብዛኞቹም ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ መሪዎቻቸው ታስረው ተገርፈዋል። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ 10 ሺህ ገደማ አማኞች ጠበቋቸው። እነዚያ ገበሬዎች ለጎረቤት የሚያወሩት በቤታቸው የሆነውን ነበር። አንቺም ያላወቅሽውን ብትጠየቂ «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ» ማለት በቂ ነው።

የሚቀረው «ምን ይሉኛል» የሚለው ነው፤ እርሱ በእርግጥ መሸነፍ አለበት፤ ነገር ግን እስኪጠፋ ድረስ አትጠብቂ። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ የሚኖር፣ እንደ አንቺው ቀን በሥራ የሚውል ሰው ነበር። በዚያች ከተማ ስለ ነበረበት ሁኔታ ሲጽፍ «እኔም በድካምና በፍርሃት በብዙ መንቀጥቀጥም በእናንተ ዘንድ ነበርሁ» ይላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ደግሞ ጌታ በሌሊት በራእይ «አትፍራ፥ ነገር ግን ተናገር ዝምም አትበል» እንዳለው እናነባለን። ከዚያ በኋላ መንቀጥቀጡ እንደ ተወው አልተጻፈም፤ የተጻፈው ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ እንዳስተማረ ነው።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ እንመለስ። «ጊዜ ነው» ያልሽው መልስ ሊስተካከል ይችላል፤ ጴጥሮስም ከካደበት ሌሊት በኋላ፣ ከሞት የተነሣው ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀበት ሌላ ጥዋት ተሰጥቶታል። ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ለምሳሌ ከሥራ ወጥታችሁ ቡና ስትጠጡ፣ እንዲህ ልትዪያት ትችያለሽ፦ «በለቅሶው ጊዜ ጠይቀሽኝ የመለስኩልሽ እውነተኛው መልስ አልነበረም፤ ሰው ስላለ አፍሬ ነው። አባቴ ሲሞት ያቆመኝ…» ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ ልጽፍልሽ አልችልም። በዚያች ሌሊት የጸለይሽውን፣ ወይም መጸለይ ያቃተሽ ቀን የሆነውን፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪያትና አቁሚ። በዚያው አፍ ወደ ቤተ ክርስቲያንሽ አትጋብዣት። «አፍሬ ነው» የሚለውን ቃል አትዝለዪው፤ ድካሟን አስቀድማ ያመነችን ሴት «ልትሰብክ መጣች» ብሎ መክሰስ ለማንም ይከብዳል። ጓደኛሽ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ወሬ ብትለውጥ ተከትለሽ አብረሽ ለውጪ፤ የጠየቀችውን አግኝታለች።

አንድ ነገር በደብዳቤሽ አልተገለጸም፤ በመሥሪያ ቤቱ የእርሷ የበላይ ከሆንሽ፣ ይህን ንግግር በቢሮ ውስጥና በሥራ ሰዓት ፈጽሞ አታድርጊው፤ የደመወዝ ጭማሪዋን የምትፈርም ሰው ስለ እምነት ስትናገር የሰሚዋ ነፃነት ይጠባልና።

በአርባው ቀንም አትናገሪ። ያን ዕለት በማለዳ ሂጂና እንጀራ በማቅረቡ ወይም ሳህን በማጠቡ አግዢ፤ የቀረውን ቤቱ ጸጥ ባለ በሳምንቱ ታደርጊዋለሽ።