እናት «እሺ» ስትል፦ ስለ ቤተሰቧ ዘጋቢ ፊልም መሥራት ለምትፈልግ ተመራቂ የተሰጠ የሙያ ምክር

ጥያቄ፦ «ጎጃም ውስጥ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። አባታችን የሞተው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሲሆን፣ እናቴ አረቄ እያወጣች ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ታላቅ ወንድሜ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ። የእናቴን ጽናት የሚያሳይ የ20 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም በስልኬ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ጠይቄያት እሺ ብላኛለች። ዘመዶቼ ግን በዲግሪሽ የመንግሥት ሥራ ያዢ ይሉኛል። ይህ ሥራ እንጀራ ይሆነኛል? ከየትስ ልጀምር?»

ውድ እኅቴ፣

ዘመዶችሽ የሚጠብቁት መልስ የእንጀራውን ጉዳይ ስለ ሆነ ከእርሱ ልጀምር። አጭር ዘጋቢ ፊልም ብቻውን እንጀራ አይሆንሽም፤ በአገራችን ሰው ቲኬት ቆርጦ የሚገባው የአንድ ሰዓት ተኩል ልብ ወለድ ፊልም ለማየት እንጂ የ10 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ለማየት አይደለም። ይሁን እንጂ ፊልሙን ስትሠሪ የምትማሪው ነገር፣ ማለትም ሰው ቤት ገብቶ፣ ባለቤቱን ሳያሳፍሩ የኑሮውን እውነት በምስልና በድምፅ ይዞ መውጣት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር የሆነው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች፣ በጤናና በልማት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ሁሉ ይህን ሙያ ይጠቀሙበታል። ድርጅቶቹ «የስኬት ታሪክ» እያሉ የሚያሠሩት አጭር ቪዲዮ አብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ችግረኛ ሴት ትታያለች፣ ድጋፍ ይመጣላታል፣ በመጨረሻም ታመሰግናለች። ከዚህ የተሻለ መሥራት የሚችል ሰው ሲመጣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ባለፉት ዓመታት የብዙ ተመራቂዎችን የሥራ ማመልከቻ አይቻለሁ፤ ዲግሪውና የምስክር ወረቀቱ ከአንዱ አንዱ የሚለይበት ነገር ጥቂት ሲሆን፣ ራሱ የጨረሰው የስምንት ደቂቃ ፊልም ይዞ የሚመጣ አመልካች ግን ሥራው ስለ እርሱ ይናገርለታል።

ስለዚህ ዘመዶችሽም አልተሳሳቱም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ 50 በመቶ አምጥቶ ማለፍ ስለሚጠበቅበት፣ ከፈተናው በፊት ባሉት ወራት ካሜራውን አስቀምጪው። ከዚያ በኋላ ሥራ ስትፈልጊ ገቢ የሚያስገኝልሽ የሠርግ ቀረጻ ነው፤ ይህን ደግሞ አትናቂው። በእኛ አገር ሠርግ የሚበዛው በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ሲሆን፣ በመካከል ያሉት የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ለቪዲዮ ቀራጭ ባዶ ጊዜ ናቸው። በጥር የሠራሽበት ገንዘብ ለሃርድ ዲስክና ለማይክሮፎን ይሁን፤ ጾሙ ደግሞ የራስሽን ፊልም የምታርሚበት ጊዜ ይሁን።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ፤ ይህን ምክር ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። በደብዳቤሽ «ጽናት» ያልሽውን ቃል በመንደራችን ሰው እንዴት እንደሚናገረው አስቢ። «እርሷ ቻይ ናት» ይባላል፤ ሲባልም ጉዳዩ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደቻለች የሚጠይቅ የለም። በቋንቋችን ግን «ቻለች» ሁለት ነገር ይይዛል፤ ተሸከመች፣ ታገሠች ማለት ነው፤ ደግሞም አቅም ነበራት፣ አወቀችበት ማለት ነው። ስለ ችግርና ስለ ቤተሰብ የሚሠሩ አብዛኞቹ አጫጭር ፊልሞች የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ሁለተኛውን ይጥሉታል። ሐዘኑ ይነገራል፣ እንባው ይታያል፣ በስተጀርባ ዋሽንት ይሰማል፤ ሴትዮዋ ግን ምን እንደምታውቅ ተመልካቹ ሳያውቅ ይወጣል። እናትሽ ብቅሉ መቼ እንደደረሰ፣ ድፍድፉ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ከማሰሮው ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደው መቃ እንፋሎት እንዳያመልጠው በምን እንደሚመረግ፣ እሳቱ በዝቶ አረቄው እንዳይበላሽ እንጨቱ ምን ያህል መሳብ እንዳለበት፣ የዳጉሳና የጌሾ ዋጋ በየትኛው ገበያ ቀን እንደሚቀንስ የሚያውቁ ባለሙያ ናቸው። ሦስት ልጅ ያሳደገው ይህ እውቀት ነው። ካሜራሽ እጃቸውንና ዐይናቸውን ቢከተል፣ መከራውን በቃል ማስረዳት እምብዛም አያስፈልግሽም።

ከሁሉ በላይ እንድታስቢበት የምፈልገው ግን «እሺ ብላኛለች» ያልሽውን ነው። የጎጃም እናት ልጇ በዩኒቨርሲቲ ተምራ መጥታ ስትለምናት እንዴት እንቢ ትላለች? እናትሽ እሺ ያሉት ለአንቺ ነው፤ ለማያውቁት ሕዝብ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተመራቂ ስለ ቤተሰቧ የሠራችውን ፊልም በአዳራሽ ስታሳይ ተገኝቼ ነበር። እናቲቱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ በችግር ዘመን ከጎረቤት የተበደሩት ገንዘብና ያልተከፈለው ዕዳ በሸራው ላይ ሲነገር ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው እስከ መጨረሻው አልገለጡትም። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስታውሰው ያን ነጠላ ነው። ልጅቱ ክፉ ሐሳብ አልነበራትም፤ ፊልሙን ለእናቷ አስቀድማ ማሳየት እንዳለባት የነገራት ሰው ብቻ አልነበረም።

ሕጉም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ስለሆነም የእናትሽን፣ የወንድሞችሽንና የእኅቶችሽን፣ በፊልሙ የሚታዩትንም ጎረቤቶች ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ፤ ማንበብ ለማይችሉት አንብበሽላቸው ቃላቸውን በድምፅ ቅረጪ። ፊልም የሚቀበሉ ተቋማትም ይህን ማስረጃ ይጠይቁሻል። ወረቀቱ ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው። እናትሽን በሦስት የተለያየ ቀን ጠይቂያቸው፤ መጀመሪያ ካሜራ ሳይኖር ቡና ላይ፣ ቀጥሎ ከመጀመሪያው ቀረጻ በኋላ የራሳቸውን ምስል በስልክሽ አሳይተሽ፣ በመጨረሻም ፊልሙ ተቆርጦ ሲያልቅ። ጥያቄውንም «ትፈቅጂልኛለሽ ወይ?» ብለሽ አታቅርቢው፤ «እማ፣ የትኛው ነገር እንዳይታይ ትፈልጊያለሽ?» በያቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚገኘው መልስ እሺ ብቻ ነው፤ ለሁለተኛው ግን እውነተኛ መልስ ይኖራቸዋል። እንዳይታይ ያሉትን ብታወጪው ፊልሙ ይጎድላል ብለሽ አትስጊ። የተቀረው ሁሉ በፈቃዳቸው የቀረበ መሆኑ ከፊታቸውና ከድምፃቸው ይታወቃል።

ወደ ወንድምሽ ደግሞ ልመለስ። ስለ እናትሽ ደጋግመሽ ጽፈሽ ስለ እርሱ የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔ ግን የፊልሙ ልብ እዚያ ያለ ይመስለኛል። የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው፤ ዛላው ሲደርቅ ተከፍቶ ፍሬውን ስለሚያፈስስ አጨዳው ቀን አይሰጥም፣ ባለ እርሻውም በአንድ ጊዜ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ያ ወቅት ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወቅት ነው። ከጎጃም ቆላና ደጋ ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርድ ልጅ ደብተርና ማጭድ በአንድ ሳምንት ይጠሩታል፤ ወንድምሽ ማጭዱን መረጠ፣ ወይም እንዲመርጥ ሆነ። እናትሽ በዚያ መስከረም ምን አሉ? እርሱ የላከው ገንዘብ ለማን ደብተር ሆነ? ምናልባት ለአንቺ ይሆናል። የአንድ ቤት ጽናት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አይቆምም፤ እናትሽን ብቻ ጀግና አድርገሽ ብታቀርቢ፣ ሳታስቢው የወንድምሽን ድርሻ ትደብቂያለሽ።

እርሱ መናገር አይፈልግ ይሆናል፤ አታስገድጂው። ዝምታውንም እንደ ማስረጃ አትቅረጪው። ከእርሱ ጋር አንድ ቀን ያለ ካሜራ አሳልፊ፤ ካልፈለገ እናትሽ ስለ እርሱ ሲናገሩ የሚሰማው ድምፅና ከመተማ ይዞት የመጣው አንድ ዕቃ ይበቃል። ፈልጎ ከተናገረ ደግሞ ሥራ እየሠራ ይናገር፤ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ ፊት ለፊት ስትጠይቂው የሚመልስልሽ ለጋዜጠኛዋ እንጂ ለእኅቱ አይሆንም። አንቺም ከፊልሙ ውጭ አትቁሚ። የተማርሽው በእነርሱ ድካም ስለ ሆነ ትረካው በራስሽ ድምፅ ቢሆን፣ ያወቅሽውንና ያላወቅሽውን በግልጽ ብትናገሪ፣ ተመልካቹ ያምንሻል።

ርዝመቱን ከ20 ደቂቃ ወደ 10 አውርጂው። አጭር ፊልም የሚባለው እስከ 40 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል፤ የኦስካር ሽልማት ለአጭር ዘጋቢ ፊልም ያስቀመጠው ጣሪያ ይህ ነው። ለጀማሪ ግን 10 ደቂቃ ሙሉ ትኩረት ይዞ መጨረስ 20 ደቂቃ ከመሙላት ይከብዳል፤ ቀጣሪም ቢሆን አጭሩን ነው እስከ መጨረሻው የሚያየው። በእናትሽ ቤት አረቄ ከሚወጣባቸው ቀኖች አንዱን፣ ከንጋት እሳት እስከ ማታ ሂሳብ ድረስ፣ መነሻ አድርጊና ያለፈው ታሪክ በዚያ ቀን ውስጥ እየገባ ይምጣ። ቀረጻውም አብዛኛው በጓዳና በግቢ ውስጥ ስለሚሆን ይሻልሻል፤ በዚህ ጊዜ ካሜራ ይዞ በየመንገዱ መታየት ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፣ ለአንድ የገበያ ምስል ብለሽ ራስሽንም ሆነ ሌላውን አደጋ ላይ እንዳትጥዪ። ውጭ መቅረጽ የግድ ከሆነ አስቀድመሽ ከቀበሌው ፈቃድ ያዢ።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም፤ ስልክሽ ይበቃል። ሰው የተጓደለ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪሽ ደረት ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ይሁን። በአገራችን የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ዙር የሚሠራ በመሆኑ፣ ስልክሽ በተለመደው በሴኮንድ 30 ምስል (ፍሬም) ሲቀርጽ በነጭ አምፖል ሥር ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል፤ ፍሬሙን 25፣ የመዝጊያውን (የሻተሩን) ፍጥነት ከሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ማድረግ የሚያስችል ነጻ መተግበሪያ ጫኚ። ጭሱ ባለበት ጓዳ ውስጥ ግን ከበር የሚገባው ብርሃን ከአምፖል ሁሉ ይበልጣል። ሁልጊዜ ከመውጣትሽ በፊት ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ የቤቱን ድምፅ ቅረጪ፤ የእሳቱ መንጣጣትና አረቄው ጠብ ጠብ ሲል የሚሰማው ድምፅ በአርትዖት ጊዜ የተቆራረጠውን ያያይዝልሻል። በደቂቃ ወደ 130 ሜጋ ባይት ቢይዝ የ20 ሰዓት ቀረጻ 156 ጊጋ ባይት ያህል ስለሚሆን፣ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ገልብጠሽ በሁለት ቤት አስቀምጪው። የሌላ ሰው ዘፈን አታስገቢ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ባለመብቱን ይጠብቃል፣ ለውጭ አገር መድረክ ስትልኪም ዘፈኑ ብቻ ፊልምሽን ሊያስጥለው ይችላል። እናትሽ ሲሠሩ የሚያንጎራጉሩት ካለ እርሱን ቅረጪ።

ከተቆረጠ በኋላ ለብቻሽ ተቀምጠሽ አትጨርሺው። በዋሸራም ሆነ በጎንጂ የቅኔ ተማሪ ቀን የቆጠረውን፣ ማለትም ያዘጋጀውን ቅኔ፣ ማታ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፤ ከመታረሙ በፊት በጉባኤ አያቀርበውም። አንቺም ቤተሰብሽን የማያውቁ ሦስት ሰዎች ፈልገሽ አሳዪያቸው፤ «ወደዳችሁት ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፣ ያዩትን መልሰው እንዲተርኩልሽ ጠይቂያቸው። ወንድምሽን ሳያነሡት ከተረኩ ፊልሙ ገና አላለቀም። ሲያልቅ የመጀመሪያው ተመልካች እናትሽ ይሁኑ፤ ከዚያ በኋላ የምትልኪባቸው ቦታዎች አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ኢኒሼቲቭ አፍሪካ የጀመረውና በዘጋቢ ፊልም ላይ ያተኮረው የአዲስ ኢንተርናሽናል ፊልም ፌስቲቫል ቅርቡ ነው። ናይሮቢ የሚገኘው ዶክዩቦክስ የምሥራቅ አፍሪካን ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች የሚደግፍ ተቋም ነው፤ በአምስተርዳም የሚካሄደው ትልቁ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫልም ለአፍሪካ ሠሪዎች የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ ፈንድ አለው፤ ይህኛው ግን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ሥራሽ ይቆይ። የማስገቢያ ክፍያ የሚጠይቁትን ከመክፈልሽ በፊት ነጻ እንዲያደርጉልሽ በደብዳቤ ለምኚ፤ ብዙዎቹ ለተማሪ ይፈቅዳሉ።

በዚህ ሳምንት የምትሠሪው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልክሽን ቤት ትተሽ ወደ እናትሽ ሂጂና አረቄ ሲያወጡ አብረሻቸው ዋዪ፤ ልጅ ሳለሽ እንደምታደርጊው እንጨት እያቀበልሽ። ማታ ያየሽውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጻፊልኝ፤ ወንድምሽ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የት እንደሚገባም አመልክቺ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ስትቆርጪም ይዘሽልኝ ነይ፤ እናትሽ አብረውሽ መጥተው ማየት ከፈለጉ ቢሮዬ ውስጥ ለእርሳቸውም ወንበር አለ።