ጽሑፍ፣ ቀለምና መርፌ በአንድ ጨርቅ ላይ፦ ለመምህራንና ለወላጆች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የጨርቅ ሥዕል እሠራለሁ። ተማሪው አንድ ክንድ በአንድ ክንድ በሆነ ጨርቅ ላይ ስለ ራሱ ኑሮ ይጽፋል፣ በጽሑፉ ላይ ቀለም ይቀባል፣ በመጨረሻም እራፊ እየደረበ በመርፌና በክር ይሰፋዋል። ይህንኑ ለማስተማር የሚፈልጉ መምህራንና ወላጆች የላኩልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነው የምጽፍልዎ፤ የክወናና ዕይታ ጥበባት አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ለዕቃ መግዣ ብዙ ገንዘብ የለውም። ከምን ልጀምር?

በአቡጀዴ ይጀምሩ፤ ነገር ግን ሳያጥቡ አይጠቀሙበት። አዲስ አቡጀዴ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ስታርች ቀለሙ ወደ ክሩ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ከዚህም ሌላ ጨርቁ በኋላ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሥዕሉ ይጨማደዳል። በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበው፣ አድርቀውና በካውያ ተኩሰው ይቁረጡት። ለድርብ የሚሆን እራፊ መግዛት አያስፈልግም፤ ልብስ ሰፊዎችን በትሕትና ከጠየቋቸው ቁርጥራጩን በፌስታል ሞልተው ይሰጣሉ። እኔ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ከሐበሻ ቀሚስ ሰፊዎች የተረፈ የጥለት ጫፍ ይዤ እመለሳለሁ፤ ልጆቹም ከሁሉ አስቀድመው የሚሻሙት እርሱን ነው።

ከቀለም አክሪሊክ ይምረጡ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር ይበቃሉ፤ ሌላውን ቀለም ተማሪዎቹ ራሳቸው ቀላቅለው ማግኘታቸው የትምህርቱ ክፍል ነው። ለመደብ የሚሆን ነጭ ከተወደደብዎ በውኃ የሚቀጠን የግድግዳ ቀለም በስሱ መቀባት ይቻላል። የግድግዳ ጄሶ ግን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ሠዓሊዎች ለሸራ መደብ የሚቀቡት ነገር በስም ስለሚመስለው ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሕንፃው ጄሶ ጨርቁ በታጠፈ ቁጥር እየተሰነጠቀ ይረግፋል።

ጥያቄ፦ አክሪሊክ የተቀባው ጨርቅ እንደ ቆዳ ደረቀና መርፌ አልገባው አለ። ልጆቹ ጣታቸውን እየወጉ አስቸገሩኝ።

አክሪሊክ ሲደርቅ ፕላስቲክ ስለሚሆን፣ ወፍራም ቀለም የተቀባ ጨርቅ ቢደርቅም ቢከርምም አይለሰልስም። መፍትሔው በስሱ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ ካስፈለገ እንደገና በስሱ መደረብ ነው። ይሁን እንጂ ቀለሙን በውኃ ብዛት ማቅጠንም ጉዳት አለው፤ ውኃው ከቀለሙ ከበለጠ ቀለሙን ከጨርቁ ጋር የሚያጣብቀው ነገር ይዳከምና በኋላ ይለቃል። ወፍራም ቀለም የግድ የሚያስፈልገው ቦታ ካለ ስፌቱ ይቅደም፤ ቀለሙ በክሩ ላይ ሲያልፍ የሚሰጠው ጉብታም ውበት አለው።

የጥልፍ ክር ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለሆነ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ለይተው ይስፉበት፤ መርፌውም በቀላሉ ያልፋል፣ ክሩም ይበረክታል። የክሩ ርዝመት ከአንድ ክንድ አይብለጥ፤ ከዚያ ከረዘመ ይቋጠራል። መርፌዎቹን ቆጥረው ሰጥተው ቆጥረው ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ቀለም ሳንገዛ ከጓዳችን ማዘጋጀት እንችላለን?

በሚገባ። ወፍራም የቡና አተላ ተጣርቶ ጥጥ ጨርቅ ቢነከርበት የቆየ ወረቀት የመሰለ መልክ ይሰጣል፤ ሻይም እንዲሁ ነው። እርድ ደማቅ ቢጫ ያወጣል፤ በእርድ በተቀለመ ጨርቅ ላይ የአመድ ውኃ በብሩሽ ቢያስኬዱ መስመሩ ወዲያው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል፤ ልጆች ይህን ሲያዩ የሚያሰሙት ድምፅ ያስደስተኛል። ነገር ግን እርድ በፀሐይ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ሥራው በመስኮት ፊት መሰቀል የለበትም።

ጥያቄ፦ «ስለ ራሳችሁ ጻፉ» ስላቸው ሁሉም «ስሜ እገሌ ይባላል፣ ዕድሜዬ ይህን ያህል ነው» ብለው ይቆማሉ። ምን ላድርግ?

ጥያቄው ሰፊ በመሆኑ ነው። ልጅ ስለ ራሱ በጅምላ ሲጠየቅ የሚመልሰው ለመዝጋቢ የሚመልሰውን ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ጠባብ ነገር ነው፤ ከቤትህ በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ምን ምን ትሰማለህ? ከቀድሞው ቤታችሁ ሳይመጣ የቀረ ዕቃ የትኛው ነው? እናትሽ እጇ ላይ ያለው ጠባሳ ከየት መጣ? በእኛ አካባቢ ከመሀል ከተማ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት የተዛወሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ የሰጠሁ ቀን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የእስክርቢቶ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። አንዲት ተማሪ ስለ አሮጌው ሰፈራቸው የውኃ ቦኖ ጻፈች፤ ከዚያም ከቤታቸው እስከ ቦኖው የነበረውን መንገድ በጨርቁ ላይ በቀይ ክር ሰፋችው፤ መንገዱ የሚታጠፍበትን ቦታ ሁሉ ታስታውስ ነበር። ከዚያ በፊት በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም።

በመጀመሪያ የሚጻፈው በደብተር ላይ ነው፤ ስለ ሆሄ ግድፈትም በዚያ ሰዓት አላነሳም። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ተማሪው ያንኑ አንብቦ ወደ ጨርቁ ሊሻገሩ የሚገባቸውን ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገሮች ራሱ ይመርጣል። አስተማሪውም አብሮ ይጻፍ፤ እኔ ያልጻፍኩ ዕለት ልጆቹም ሳይጽፉ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ወላጅ ነኝ። ልጄ የቤታችንን ጉዳይ ጨርቅ ላይ ጽፋ ግድግዳ ላይ ሊሰቀልብን ነው ብዬ ሰጋሁ።

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ላይ የጠበቀ ሥርዓት አለኝ። ማስታወሻው የተማሪዋ ንብረት ነው። ያለ ፈቃዷ አላነብም፣ ያለ ፈቃዷ አይሰቀልም፣ ለነጥብ የሚታየውም ስፌቱ፣ የቀለሙ አያያዝና የሥራው አቀማመጥ እንጂ የተጻፈው ነገር አይደለም። ምስጢርን መሸሸግም ከሙያው ጋር ይሄዳል፤ ጽሑፉን በቀለም ግማሽ በግማሽ መሸፈን፣ እራፊ ደርቦ ዙሪያውን መስፋት፣ ወይም ትንሽ ኪስ ሰፍቶ ወረቀቱን አጥፎ በውስጡ መዝጋት ይቻላል። ከሥር ጽሑፍ እንዳለ ተመልካቹ ያውቃል፣ ምን እንደሚል ግን ባለቤቷ ብቻ ታውቃለች። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በልጁ ላይ አደጋ መኖሩን የሚያሳይ ነገር በፈቃዱ ያሳየኝ እንደሆነ ዝም አልልም፤ ይህንንም ገና ሳይጀምሩ በግልጽ እነግራቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወንዶቹ ተማሪዎቼ «መስፋት የሴት ሥራ ነው» ብለው እምቢ አሉ።

ወደ ሸማኔ ቤት ይውሰዷቸው። በሽሮ ሜዳ ከሚሸምኑት የጋሞና የዶርዜ ባለሙያዎች መካከል አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ በየሰፈሩ በልብስ ስፌት መኪና የሚሠሩትም እንዲሁ። አንድ ሸማኔ ጥለት ሲያገባ አሥር ደቂቃ ቆመው ካዩ በኋላ ክርክሩ አይቀጥልም።

ጥያቄ፦ ይህ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለምን? እኛ በጨርቅ ላይ የመሳልና የመጻፍ ልማድ አለን?

አለን፤ እኔም ልጆቹን የማስተምረው ከዚያ ተነሥቼ ነው። በብዙ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት የምናያቸው የግድግዳ ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ብራና ሲወጠር ቀዳዳ ከተገኘበት ይሰፋ ነበር፤ ጸሐፊውም ስፌቱን እየዞረ ይጽፍ ስለ ነበር ዛሬም ያ ስፌት በገጹ መካከል ይታያል። ቋንቋችንም ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ በቆየው አነጋገር «ጣፈ» ማለት ጻፈ ማለት ነው፣ «መጣፍ»ም መጽሐፍ ነው፤ የተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ የሰፋውንም ሰው «ጣፈ» እንለዋለን። ይህን ቃል በመጀመሪያው ቀን በሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

ጥያቄ፦ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይጠናቀቃል?

አይጠናቀቅም፤ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይመድቡ። አንዱ ለጽሑፍ፣ ሁለቱ ለቀለም፣ ሦስቱ ለስፌት ይሁኑ፤ የስፌቱን ጊዜ ማሳጠር በቀለም ላይ የተደከመውን ያበላሻል። በክረምት ቀለም ለመድረቅ ስለሚዘገይ ሥራዎቹን ደራርበው አያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ በጨርቅ ላይ የምንጽፈው በምንድን ነው? የእስክርቢቶው ቀለም ተሰራጨብን።

ውኃ በማይለቀው ማርከር ይጻፉ፤ መጀመሪያ ጨርቁን በስሱ ነጭ ቀብተው ቢያደርቁት አይሰራጭም። ከመጀመርዎ በፊት ግን በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጽፈው፣ አርጥበው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ የተጠናቀቀው ሥራ ይታጠባል? ይተኮሳል?

በአክሪሊክ የተሠራው በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ይታጠባል፤ አይጠመዘዝም። በቡናና በእርድ የተቀለመው ግን ስለሚለቅ አይታጠብ። ካውያ በተቀባው ፊት ላይ በቀጥታ ካረፈ ቀለሙ ይጣበቅበታል፤ ስለዚህ ሥራውን በፊቱ ደፍተው፣ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ደርበው፣ በጀርባው በኩል ይተኩሱት። ለመስቀል በላይኛው ጠርዝ ላይ ዘንግ የሚያልፍበት እጥፋት ይስፉለት፤ በሚስማር የተወጋ ጨርቅ ከጊዜ በኋላ ከዚያው ከተወጋበት ይተረተራል።